የፉድ ትራክ ፈቃድ በዲሲ፦ መኪናው ከመገዛቱ በፊት

ነገሩ የተበላሸው በድስት ነው። የአክስቴ ልጅ ለዓመታት ሁለት ሥራ እየሠራች ባጠራቀመችው ገንዘብ ከሌላ ስቴት ፉድ ትራክ፣ ማለትም ምግብ ተሠርቶ የሚሸጥበት መኪና፣ ገዛች። መኪናው ያምራል። ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው። ሻጩ "ፈቃዱ ሁሉ ያለቀለት ነው" ብሏታል። ዋሽንግተን ዲሲ አምጥታ ለጤና ምርመራ ስታቀርበው ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ወረቀት አልነበረም። "ትልቁ ድስትሽ የትኛው ነው?" አለቻት።

የአክስቴ ልጅ የዶሮ ወጥ የምትሠራበትን ድስት አወጣች። "እስቲ ሲንኩ ውስጥ ክተቺው" አለቻት። አልገባም። ጎኑ እንኳ አልገባም።

ደንቡ ቀላል ነው። ዕቃ ማጠቢያው ሦስት ክፍል ያለው ሲንክ መሆን አለበት። በአንዱ ይታጠባል፣ በሁለተኛው ይለቀለቃል፣ በሦስተኛው ጀርም በሚገድል ፈሳሽ ይነከራል። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ትልቁን ዕቃ የሚያጠልቅ መሆን አለበት። የዚያ መኪና ሲንክ የተሠራው ለሳንድዊች ቢላና ለትንንሽ ትሪ ነበር። ሲንኩን ለመቀየር ጠረጴዛው መቆረጥ ነበረበት። ጠረጴዛው ሲቆረጥ ፍሪጁ ቦታ አጣ። ትልቅ ሲንክ ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ታንከሩም ተቀየረ። መኪናው ሦስት ወር ሙሉ ቆመ። የማቆሚያና የኢንሹራንስ ክፍያው ግን አልቆመም።

ያኔ አብሬያት ከቢሮ ቢሮ ስዞር ነው ይህን ሁሉ የተማርኩት። ፉድ ትራክ እከፍታለሁ የሚል ሰው በደወለልኝ ቁጥር የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ መኪናው መጨረሻ ላይ ይገዛ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመኪናው ነው። መኪናው ይታያል፣ ይነካል፣ ሥራ የተጀመረ ይመስላል። ፈቃዱ ግን የሚሰጠው ለመኪናው ብቻ አይደለም። ለድርጅቱ፣ ለሰውየው፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለጋዙ፣ ለቆመበት ቦታም ነው። መኪናው ከእነዚህ ሁሉ ጋር ካልተስማማ ብረት ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ ዲሲ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረውና የምንሠራው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ። ከተማዋ በዚህ ሥራ ቀላል ከሚባሉት ውስጥ አይደለችም። የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት ፋውንዴሽን እ.አ.አ. በ2018 ሃያ ከተሞችን አወዳድሮ ነበር። አንድ ፉድ ትራክ ለመክፈትና ዓመት ለማሠራት በአማካይ 45 የሚሆኑ የመንግሥት ሂደቶችን ማለፍ ይጠይቃል ብሏል። ለፈቃድና ሕግን ለማሟላት የሚወጣው ወጪ ደግሞ በአማካይ 28,276 ዶላር ነው። ዲሲ በዚያ ጥናት ከቦስተንና ከሳንፍራንሲስኮ ጋር ከከባዶቹ ተርታ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈሩ አይደለም። በጀት ስታወጡ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ጽፋችሁ እንዳትቀመጡ ነው።

ብዙ ሰው የሚምታታበት "ለምን ይህን ሁሉ ቢሮ እዞራለሁ? አንዱ ፈቅዶ የለም ወይ?" የሚለው ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የሚጠይቀው የተለያየ ጥያቄ ነው። ጤና ቢሮ "ይህ ምግብ ሰው ያሳምማል ወይ?" ይላል። እሳት አደጋ "ይህ መኪና ይፈነዳል ወይ?" ይላል። የታክስ ቢሮ "የከተማውን ድርሻ ትከፍላላችሁ ወይ?" ይላል። የንግድ ፈቃድ ቢሮ የሌሎቹን መልስ ሰብስቦ ላይሰንሱን ይሰጣል። አንዱ ቢሮ እሺ ማለቱ ለሌላው መልስ አይሆንም። ይህ ከገባችሁ ግማሹ ግራ መጋባት ይቀራል።

የወረቀቱን ክፍል ቶሎ ልለፈው፤ አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ድርጅት ታቋቁማላችሁ። አብዛኛው ሰው ኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ፣ ነው የሚያደርገው። አንድ ደንበኛ ቢከስሳችሁ የሚከሰሰው ድርጅቱ እንጂ ቤታችሁ እንዳይሆን ነው። ቀጥሎ ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅት ታክስ ቁጥር ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ ታወጣላችሁ። ይህ ቁጥር በነጻ ነው የሚሰጠው። በኢንተርኔት ላይ የመንግሥት የሚመስሉ ገጾች ብር ያስከፍላሉ። እንዳትከፍሉ። ከዚያ በዲሲ የታክስ ቢሮ ትመዘገባላችሁ፤ ማይታክስ በሚባለው ገጻቸው ይሞላል፣ የቅጹ ስም ኤፍአር 500 ነው። ከዚሁ ቢሮ "ክሊን ሃንድስ" የሚባል ማስረጃ ይወጣል። የከተማው ዕዳ የለብኝም የሚል ወረቀት ነው። ያልተከፈለ የቆየ የታክስ ወይም የቅጣት ዕዳ ካለ እዚህ ላይ ብቅ ይላል። ቀድማችሁ አጣሩ፣ ዕዳ ካለም ቀድማችሁ ጨርሱ።

የንግድ ላይሰንሱን የሚሰጠው ዲኤልሲፒ ይባላል። የድሮ ሰዎች "ዲሲአርኤ ሂዱ" ይሏችኋል። ያ ቢሮ እ.አ.አ. ጥቅምት 2022 ለሁለት ተከፍሏል። የንግድ ፈቃዱ ወደ ዲኤልሲፒ፣ የሕንጻው ጉዳይ ወደ ሌላ ቢሮ ሄዷል። ወንድም ወይም ጓደኛ ከዓመታት በፊት በሄደበት መንገድ አትሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ ወጥ ቤቱ።

ፉድ ትራክ ያለው ሰው ሁሉ "ኮሚሰሪ" ሊኖረው ይገባል። ዲሲ ውስጥ "ዲፖ" ሲሉትም ትሰማላችሁ። ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት ማለት ነው። መኪናው ማታ እዚያ ይመለሳል፣ ንጹሕ ውሃ ይሞላል፣ ቆሻሻ ውሃ ይደፋል፣ ምግቡ እዚያ ይከተፋል፣ ይቀመጣል። ጤና ቢሮ ከኮሚሰሪው ጋር የተዋዋላችሁበትን ወረቀት ሳያይ አይቀበላችሁም። ቤታችሁ ኮሚሰሪ መሆን አይችልም። ምንም ያህል ንጹሕ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ስቴቶች የሚከተሉት ፉድ ኮድ የሚባለው የምግብ ደንብ በመኖሪያ ቤት የተዘጋጀ ምግብ ለንግድ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚቸገረው። እንጀራው! ብዙ ሰው "ወጡን ኮሚሰሪ እሠራለሁ፣ እንጀራውን እህቴ ቤቷ ትጋግርልኛለች" ይላል። አይሆንም። እህታችሁ ሃያ ዓመት የጋገረች ብትሆንም አይሆንም። እንጀራው ፈቃድ ካለው ጋጋሪ መገዛት አለበት፣ ደረሰኝም ይኖረዋል። ካልሆነ በኮሚሰሪው ምጣድ ማስገባት ነው። ዲሲና አካባቢዋ ፈቃድ ያላቸው እንጀራ ጋጋሪዎች ስላሉ ይህ የሚፈታ ነገር ነው። ቅቤውም እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ንጥር ቅቤ ለቤት እንጂ ለመኪናው አይሆንም። በርበሬውም ሽሮውም ከየት እንደመጣ በወረቀት ማሳየት መቻል አለባችሁ።

ኮሚሰሪ ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል። ቦታቸው የሞላ አሉ። ሌሊት ብቻ የሚሰጡ አሉ። የእኛ ምግብ ረጅም ሰዓት ምድጃ ላይ ስለሚቆይ "ሽንኩርት ለማቁላላት አራት ሰዓት ምድጃ እይዛለሁ" ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። በሰዓት የሚያከራዩ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው የሚሆነው። በእኔ ግምት ኮሚሰሪ ያላገኘ ሰው መኪና ለመግዛት ገና ነው።

ከዚያ የሰው ፈቃድ አለ። ዲሲ ውስጥ ምግብ በሚሸጥበት ሰዓት ሁሉ የምግብ ደኅንነት ፈተና ያለፈ ሰው መኪናው ላይ መኖር አለበት። ሰርቭሴፍ የሚባለውን ፈተና ብዙዎቻችሁ ሬስቶራንት ስትሠሩ ሰምታችሁታል። ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ በዚያ ሰርተፊኬት የዲሲን መታወቂያ ካርድ ታወጣላችሁ። ሰርተፊኬቱ ብቻውን አይበቃም። አንድ ምክር ልጨምር። ሁለት ሰው ይፈተን። አንዱ ቢታመም ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት ቢሄድ መኪናው ሕጋዊ ሆኖ እንዲቀጥል።

የጤና ተቆጣጣሪው መኪናው ውስጥ የሚያያቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። እጅ መታጠቢያው ከዕቃ ማጠቢያው የተለየ ሲንክ ነው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና የወረቀት ፎጣ ይኖረዋል። እዚያ ሲንክ ላይ ጨርቅ ተጥሎ ወይም ጭልፋ ተቀምጦ ከተገኘ ጥፋት ነው። የቆሻሻ ውሃ ታንከሩ ከንጹሑ ውሃ ታንከር ቢያንስ 15 በመቶ መብለጥ አለበት። ንጹሑ 40 ጋሎን ከያዘ ቆሻሻው 46 ጋሎን መያዝ አለበት ማለት ነው። ምክንያቱን ሳስበው ደስ ይለኛል። በረዶ ይቀልጣል፣ የድስት ትራፊ ይደፋል፣ ሳሙናም ይጨመራል። የሚወጣው ከገባው ይበልጣል። ታንከሩ ቢሞላ ቆሻሻው የሚፈሰው መንገድ ላይ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የሁለቱን ታንከር መጠን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ራሳችሁ ለኩ።

የሙቀቱ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ሰፊ ነው። የእኛ ምግብ ላይ ደግሞ በቀጥታ የሚያርፍ ነው።

ቀዝቃዛ ምግብ ከ41 ዲግሪ ፋራናይት በላይ መሆን የለበትም። ይህ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ትኩስ ምግብ ከ135 ፋራናይት ማነስ የለበትም፤ 57 ሴልሺየስ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጀርም የሚራባበት ነው። ምግቡ እዚያ መሀል ብዙ እንዲቆይ አይፈቀድም።

አሁን ቤታችን የምናደርገውን አስቡ። ማታ ትልቅ ድስት ወጥ ይሠራል። ከእሳት ይወርዳል። ክዳኑ ይደረጋል፣ ምድጃው ላይ ያድራል። ጠዋት ይሞቃል፣ ይበላል። እናቶቻችን እንዲህ አሳድገውናል፣ እውነት ነው። ነገር ግን መሀሉ ላይ ቴርሞሜትር ብትከቱ ከብዙ ሰዓት በኋላም ለብ ብሎ ታገኙታላችሁ። ወፍራም ወጥ ሙቀቱን ይይዛል። አንዳንድ ጀርሞች ደግሞ ሲፈላ የማይሞት ዘር አላቸው። ወጡ ለብ ሲል ዘሩ ይነሳና ይራባል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ለዚህ ነው "ጠዋት አፈላዋለሁ" የሚለው መልስ ተቆጣጣሪ ፊት የማይሠራው።

ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው። ወጡ ከ135 ወደ 70 ፋራናይት በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ከዚያ በቀጣዮቹ አራት ሰዓታት ወደ 41 መድረስ አለበት። በድስት ውስጥ እንዳለ ይህ አይሆንም። ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ትሪዎች ይከፋፈላል። ከሥሩ በረዶ ይደረጋል። እየተማሰለ ይቀዘቅዛል። በማግስቱ ሲሞቅ 165 ፋራናይት መድረስ አለበት፤ ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ። ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ መክተት ክልክል ነው። ያ ሳጥን የሞቀውን ይዞ ለማቆየት እንጂ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ አልተሠራም።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ተከፍታ ነበር። "ምግባችንን አያውቁትም" አለችኝ። አንድ ቀን ማታ ኮሚሰሪው ውስጥ አብረን ምስር ወጡን በድስቱ እንዳለ ትተን በየግማሽ ሰዓቱ ለካነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላም መሀሉ ከ70 በብዙ ይበልጥ ነበር። በማግስቱ ያንኑ ያህል ወጥ በአራት ትሪ ከፍለን በረዶ ላይ አስቀመጥነው። በጊዜው ወረደ። ከዚያ ወዲህ ክርክር የለም። የሙቀት መመዝገቢያ ደብተሯን ከገንዘብ ሳጥኑ አጠገብ ነው የምታስቀምጠው።

ክትፎን በተመለከተ ብዙ ሰው "ጨርሶ ክልክል ነው" ይላል። ፉድ ኮዱ ጥሬ ሥጋን ለአዋቂ ደንበኛ ሲጠይቅ ማቅረብን ይፈቅዳል። ግን ሜኑው ላይ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። የትኛው ምግብ ጥሬ ወይም ለብ ለብ እንደሆነ ምልክት ይደረግበታል። ከታች ያልበሰለ ሥጋ መብላት የመታመም ዕድልን እንደሚጨምር ይጻፋል። ያልበሰለ የተፈጨ ሥጋ በልጆች ሜኑ ላይ አይገባም። ሜኑው ለጤና ቢሮ ቀድሞ ስለሚቀርብ ክትፎን ከመጀመሪያው ጻፉት። ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ በጎን የምትጨምሩት ምግብ አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መኪና ላይ በመጀመሪያው ዓመት ጥብስ ይበቃል።

ወደ እሳቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

እ.አ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2014 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ፉድ ትራክ በጋዝ ፈነዳ። እናትና የ17 ዓመት ልጇ ሞቱ። ቤተሰብ ሆነው የሚሠሩበት መኪና ነበር። ከፕሮፔን ሲሊንደር ጋዝ አምልጦ ነው። ስለ እሳት አደጋ ምርመራ ሰው ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር እነሱን አስባለሁ።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጥጋ ጥጉን ይሞላል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከውጭ፣ በደንብ ታስሮ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ መሆን አለበት። ሲሊንደሩ አንገት ላይ የተሠራበት ወይም የተመረመረበት ቀን ተቀርጿል። አንብቡት። ጊዜው ያለፈበትን የሚሞላ ሰው ቢገኝ እንኳ አታስሞሉ። ሌላው ቀላል ነገር የሳሙና ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ የዕቃ ሳሙና ጨምራችሁ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ትቀባላችሁ። አረፋ ከነፋ ጋዝ እያመለጠ ነው። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር አድርጉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዘይት የሚያፈላ መኪና ሁሉ ከምድጃው በላይ ጭስ መሳቢያ ሁድ ያስፈልገዋል። ሁዱ ውስጥ ራሱን የሚያስነሳ የእሳት ማጥፊያ ይገጠማል። ይህ ማጥፊያ በየስድስት ወሩ በባለሙያ መታየት አለበት። ባለሙያው ቀኑን የጻፈበት ምልክት ይሰቅላል። ሳምቡሳ የምትጠብሱ ከሆነ ደግሞ "ክላስ ኬ" የሚባለው የእጅ ማጥፊያ ያስፈልጋል። የተለመደው ቀይ ማጥፊያ ለሚነድ ዘይት አይሆንም። የክላስ ኬው ፈሳሽ ዘይቱን በአረፋ ሸፍኖ ያፍነዋል።

ቡና ልንሸጥ ነው የሚሉም አሉ። ጀበናው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ይሁን። በተዘጋ መኪና ውስጥ ከሰል ማያያዝን አታስቡት። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። መኪና ላይ ቡና መቁላት ለሚያምራችሁም ሁዱ ሥር መሆን አለበት፤ ለእሳት አደጋው ተቆጣጣሪም አስቀድማችሁ ንገሩት።

የመኪናው የራሱ ነገር ብዙ አያስቸግርም። እንደ ንግድ ተሽከርካሪ ይመዘገባል፣ ይመረመራል። የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የግል መኪና ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ "ይህማ ሥራ ነው" ብሎ ይሸሻል። ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ በዲሲ ከመጀመሪያው ሠራተኛ ጀምሮ ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃድን በተመለከተ አብዛኛው ፉድ ትራክ ከ26,001 ፓውንድ በታች ስለሆነ የተለመደው መንጃ ፈቃድ ይበቃል።

አሁን መኪናው ፈቃዱን ሁሉ አገኘ እንበል። የት ይቁም?

ዲሲ ድሮ ፉድ ትራክን የምታየው እንደ አይስክሬም መኪና ነበር። ደንበኛ እጁን ሲያነሳ ትቆማለህ፣ ሰልፉ ሲያልቅ ትሄዳለህ ነበር ነገሩ። ፉድ ትራኮች ሲበዙ ያ ደንብ አላዋጣም። ሬስቶራንቶቹ "ኪራይ እየከፈልን በራችን ላይ ይቆማሉ" አሉ። የመኪና ባለቤቶቹ "ሥራ ከለከላችሁን" አሉ። ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ የከተማው ምክር ቤት እ.አ.አ. በ2013 አዲስ ደንብ አጸደቀ። በምሳ ሰዓት ሰው የሚበዛባቸው ቦታዎች፣ እንደ ፋራጉት ስኩዌርና ላንፋንት ፕላዛ ያሉ፣ በዕጣ እንዲሰጡ ተደረገ። ዕጣ የደረሰው ቀኑንና ቦታውን ይይዛል። ዕጣ ያልደረሰው ከእነዚህ ቦታዎች 200 ጫማ ርቆ የመኪና ማቆሚያ ሜትር እየከፈለ መቆም ይችላል። የሜትሩ ሰዓት ሲያልቅ ግን ይነሳል።

ናሽናል ሞል፣ ሐውልቶቹና ሙዚየሞቹ ያሉበት ሰፊ ሜዳ፣ የሚያማልል ቦታ ነው። በበጋ ቱሪስቱ እንደ ጉንዳን ነው። ነገር ግን የሞሉ መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። የዲሲ ላይሰንስ እዚያ አይሠራም። በዙሪያው ባሉት መንገዶች ላይም ላይሰንስ የሌላቸው ብዙ መኪናዎች ስለሚቆሙ ቁጥጥሩ ይጠብቃል። "እሱ ቆሟል፣ እኔም ልቁም" ብሎ ነገር አያዋጣም። እሱ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አታውቁም።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡም ያው ነው። የዲሲ ላይሰንስ አርሊንግተን ላይ ወረቀት ነው። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይም እንዲሁ፤ እዚያ የሚፈቅደው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ዓመት በዓሉም በሦስቱም ቦታ ነው። ቅዳሜ ሜሪላንድ ሠርግ ላይ ተጠርታችሁ ከሆነ የዚያን ካውንቲ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ ብዙ ቦታ አለ። ማመልከቻው ግን ከዝግጅቱ ቀናት አስቀድሞ ነው የሚገባው፤ ዓርብ ማታ ተደውሎ አይገኝም።

ዲሲ ከባድ ነች ስል ኒውዮርክን እያሰብኩም ነው። እዚያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፈቃዱ ብዛት ተገድቧል። ከተማው በ200 ዶላር የሚሰጠው የሁለት ዓመት ፈቃድ ከባለቤቱ እጅ በድብቅ እስከ 25,000 ዶላር ይከራይ ነበር። ሠርቶ አዳሪው ስደተኛ ነበር ያንን የሚከፍለው። እ.አ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ ከተማው በየዓመቱ 445 አዲስ ፈቃድ ለአሥር ዓመት እንዲሰጥ ተወሰነ። ዲሲ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ገደብ ባይኖርም የሰው ላይሰንስ ተከራይቶ መሥራት ያው አደገኛ ነገር ነው። ላይሰንሱ በስሙ ያለው ሰው ነገ ቢጣላችሁ እጃችሁ ባዶ ነው።

ስለ ታክስም አንድ ነገር ልበል። ዲሲ ውስጥ ተሠርቶ የሚሸጥ ምግብ ላይ 10 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ። እ.አ.አ. እስከ 2012 ፉድ ትራኮች በዓመት 1,500 ዶላር ቁርጥ አድርገው ይከፍሉ ነበር። ያ ቀርቷል። አሁን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይሰበሰባል። በ15 ዶላር በያይነቱ ከሸጣችሁ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም የከተማው ነው። እናንተ የያዛችሁት በአደራ ነው። ሌላ አካውንት ክፈቱና በየቀኑ ማታ እዚያ አስገቡት። ብዙ ጎበዝ ሠራተኛ የወደቀው በምግቡ አይደለም፤ ያን ገንዘብ ለጋዝና ለሥጋ አውጥቶት የመክፈያው ቀን ሲመጣ ነው።

ደግሞ አንድ መብት አለ፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። እ.አ.አ. በ2004 የወጣ የዲሲ የቋንቋ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። መስኮቱ ጋ ቆማችሁ "አማሪክ" ብትሉ ይበቃል። በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለማስተርጎም ይዛችሁ አትሂዱ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ታንከርና ስለ ታክስ ሲተረጉም የሚሳሳተው እናንተን ነው የሚያስቀጣው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብትይዙት እላለሁ። መጀመሪያ ሜኑውን ጻፉ። ምን እንደምትሠሩ ካልታወቀ ምን ያህል ሲንክ፣ ምን ዓይነት ሁድ፣ ስንት ፍሪጅ እንደሚያስፈልግ አይታወቅም። ቀጥሎ ኮሚሰሪ ፈልጉ። ድርጅቱንና ታክሱን እግረ መንገዳችሁን አስመዝግቡ፤ ፈተናውንም ተፈተኑ። ከዚያ የመኪናውን ንድፍ በወረቀት ሠርታችሁ፣ ሲንኩና ታንከሩ ከነልካቸው ተጽፎ፣ ለጤናና ለእሳት አደጋ ቢሮ አሳዩ። "ይሄ ይሄ ይስተካከል" ይሏችኋል። በወረቀት ላይ ማስተካከል በላጲስ ነው፤ ብረት ላይ ግን በመጋዝ። መኪና የሚገዛው ወይም የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለ መኪና ለማየት ስትሄዱም ሜትርና ትልቁን ድስታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ስትቀርብ ያችው ተቆጣጣሪ ነበረች። ድስቱ ሲንኩ ውስጥ ገባ። ሙቅ ውሃው ተለካ። ፍሪጁ 38 አሳየ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ቴርሞሜትሯን ሽሮው መሀል ከተተችና ጠበቀች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ 148 ላይ ቆመ። ቅጹ ላይ ጻፈችና "ይሄ ምንድነው የሚሸተው?" ብላ ጠየቀች። "ኮሰረት ነው፣ ቅቤው ውስጥ" አለቻት። ከእሳት አደጋ ቀጠሮዋ በፊት አርባ ደቂቃ ቀርቷት ነበር።